የስልኩ እልፍኝና ጓዳ፦ የሁለት ባለሙያዎች የሥራ ክፍፍል ለገበያተኛው ምኑ ነው?

ጥሊሊ፦ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ በጥሊሊ፣ በገበያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥም የሚደነቅ የለም። አንድ አርሶ አደር ሦስት ኩንታል ድንች ለነጋዴ ይሸጣል እንበል። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ አልያዘም። ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ከነካካ በኋላ ገጹን ወደ ሻጩ ያዞራል። በገጹ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፤ «ክፍያዎ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍም አለ። የአርሶ አደሩ ስልክ ግን ዝም ብሏል። ድንቹ ተጭኗል፣ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል፣ ረዳቱ «እንሂድ» እያለ ነው። አርሶ አደሩ የትኛውን ይመን? የነጋዴውን ስልክ ብርሃን ወይስ የራሱን ስልክ ዝምታ?

ጥያቄው የመተማመንና ያለመተማመን ጉዳይ ብቻ ይመስላል። መልሱ ግን ከስልኩ ገጽ በስተጀርባ ባለ የሥራ ክፍፍል ላይ የቆመ ነው፤ ክፍፍሉን ያወቀ ሰው ነጋዴውን ሳያስቀይም ገንዘቡን ማረጋገጥ ይችላል።

በስልክና በኮምፒውተር የምንገለገልባቸው ነገሮች ሁሉ ቢያንስ ሁለት ወገን አላቸው። አንደኛው ዓይናችን የሚያየው፣ ጣታችን የሚነካው፣ ጆሯችንም የሚሰማው ነው፤ ቁልፉ፣ ቀለሙ፣ የጽሑፉ አሰካክ፣ «ለአማርኛ ይህን ቁጥር ይጫኑ» የሚለው ድምፅ ሁሉ የዚህ ወገን ነው። ይህን የሚሠራው ሰው በሙያው ቋንቋ «ፍሮንት ኤንድ ደቨሎፐር» ይባላል። ሁለተኛው ወገን ከእኛ በራቀ ሥፍራ፣ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ የሚኖር ነው። ሒሳብ ያመዛዝናል፣ ማንነትን ያጣራል፣ መዝገብ ይይዛል። የዚህኛው ሠሪ «ባክ ኤንድ ደቨሎፐር» ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ቃላቱን ወደ ቤታችን አስገብተን ፊተኛውን የእልፍኝ፣ ኋለኛውን የጓዳ ባለሙያ እንላቸዋለን። ጓዳ ማለታችን ለማሳነስ አይደለም። እንግዳ የሚያመሰግነው እልፍኙን ቢሆንም፣ ቤቱ ምን ያህል ቤት እንደሆነ የሚታወቀው በጓዳው ነው፤ ይህን ደግሞ እናቶቻችን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

ክፍፍሉን ለመረዳት የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በቂ ምሳሌ ነው። ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ አባል በመስኮቱ ፊት ይቆማል። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ስሙን ይጠይቃል፣ መታወቂያውን ያያል፣ ጥያቄውን በቅጽ ላይ ያሰፍራል። ከኋላ ያለው ንብረት ያዥ መዝገቡን ይገልጣል፤ አባሉ ስለመክፈሉ፣ ድርሻው ስንት ስለመሆኑ፣ ቀድሞ ስለመውሰድ አለመውሰዱ ያጣራና ዕቃውን ያወጣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን በሞዴል ቁጥር ያስታውሰዋል፤ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። የሶፍትዌር ባለሙያዎችም የራሳቸው ሞዴል 20 እና ሞዴል 22 አላቸው፤ «ኤፒአይ» ይሉታል። እልፍኙ ጓዳውን የሚጠይቅበት፣ ጓዳውም የሚመልስበት፣ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበት ቅጽ ማለት ነው።

ስምምነቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው። በመስኮቱ ያለው ሰው «2» ብሎ ሲጽፍ ሁለት ኩንታል ማለቱ ነበር እንበል። ንብረት ያዡ «2»ን ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት አድርጎ አነበበው። አባሉ ከሚገባው ግማሹን ይዞ ይሄዳል። ጥፋተኛው ማን ነው? ሁለቱም በየራሳቸው ሥራ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው በመካከላቸው ያለው ቅጽ ነው፣ መለኪያውን አልጻፈምና። በሶፍትዌር ሥራም እንዲሁ ነው። አንዱ ወገን ገንዘቡን በብር፣ ሌላው በሳንቲም ቢያስብ የአንድ መቶ ብር ክፍያ አንድ ብር ይሆናል።

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኢንተርኔት የማይገባለት ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው *127# ደውሎ ይገለገልበታል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ዝርዝር በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ እያንዳንዱ መስመር ከሩቅ ይላካል፣ ስልኩ ያሳያል፣ የተጫነውን ቁጥር መልሶ ያደርሳል። የትኛው መስመር ይቅደም፣ በምን ቃል ይጻፍ፣ ከስንት እርምጃ በኋላ ገንዘብ መላክ ይቻል የሚለው የእልፍኝ ሥራ ነው። የሚስጥር ቁጥሩ ከገባ በኋላ ግን ሥራው ወደ ጓዳ ይዞራል። ቁጥሩ ትክክል ነው? በሒሳቡ በቂ ገንዘብ አለ? ከዕለቱ ጣሪያ አላለፈም? እነዚህ ሁሉ ከታለፉ ከአንዱ ሒሳብ ይቀንሳል፣ በሌላው ላይ ይጨምራል። ሁለቱ ድርጊቶች አንድ ላይ ይፈጸማሉ ወይም አንድ ላይ ይቀራሉ። በመካከል መብራት ቢጠፋ እንኳ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ሳይጨመር መቅረት የለበትም። የጓዳ ባለሙያ ሙያ በዋናነት የሚለካው በዚህች ነጥብ ነው።

ይህ ካለቀ በኋላ ነው አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላከው። እንግዲህ መልእክቱ የገንዘቡ ወሬ እንጂ ገንዘቡ አይደለም። ኔትዎርክ ሲደክም ወሬው ሊዘገይ ይችላል፣ ገንዘቡ ግን ገብቷል። በተቃራኒው ደግሞ ወሬው አምሮና ተሰክቶ ሊመጣ ይችላል፣ ገንዘቡ ግን ፈጽሞ አልተላከም፤ አጭበርባሪ የክፍያ መልእክትን መልክ አስመስሎ ከሌላ ቁጥር ሊልክ፣ ወይም የቆየ ክፍያ ፎቶ አስተካክሎ ሊያሳይ ይችላል። የእልፍኝ ሥራ ዓይን የሚያየው በመሆኑ ማስመሰል ይቻላል። መዝገቡን ግን በፎቶ መለወጥ አይቻልም።

በሙያው ውስጥ አንድ ጠንካራ ደንብ የተተከለው ለዚህ ነው፤ ጓዳ እልፍኝን አያምንም። ነገሩ ስድብ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እልፍኙ «እባክዎ ከሒሳብዎ በላይ አይጠይቁ» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ለደንበኛው ጊዜ ይቆጥብለታል። ሆኖም ያንን ገጽ ያለፈ ወይም ያስመሰለ ሰው ሊኖር ስለሚችል ጓዳው ያንኑ ጥያቄ ራሱ እንደገና ማጣራት አለበት። ሥራውን ሲከፋፈሉ «እሱ ያጣራዋል» መባባል ከተጀመረ ቁጥጥሩ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

የጓዳ ቁጥጥር ሲላላ የሚሆነውን አገሪቱ በአንድ ሌሊት አይታለች። ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በተሸጋገረው ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ፤ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት በሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ማቋረጥ ግድ ሆነበት። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበር ገለጹ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከአሠራር ፍተሻና ማሻሻያ ሥራ ጋር ተያይዞ የተፈጠረ መሆኑን አስታወቀ። ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ባንኩ ይፋ አድርጓል፤ አብዛኛው በተከታታይ ሳምንታት ተመልሷል።

በዚያ ሌሊት ደንበኞቹ ያዩት ገጽ የወትሮው ገጽ ነበር። ቁልፎቹ በቦታቸው፣ ጽሑፉም እንደ ትናንቱ ነበር። ለተመልካች የተበላሸ ነገር አልነበረም። «ይህ ሰው ይህን ያህል አለውን?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በጓዳ ነው። ብዙዎቻችን «መተግበሪያው ጥሩ ነው» የምንለው ገጹን አይተን በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሌሊት እስኪመጣ ድረስ የጓዳውን ሠራተኛ መኖር አናስታውስም። ሲያስታውሱትም ለወቀሳ ብቻ መሆኑ ሌላ በደል ነው።

ይህን የሰማ ወጣት «እንግዲያው ዋናው ጓዳ ነው፣ እልፍኙ ጌጥ ነው» ሊል ይችላል። በሙያው ውስጥም ይህ ንቀት ብርቅ አይደለም፤ የእልፍኝ ባለሙያን «ቀለም ቀቢ» የሚሉ አሉ። ንቀቱን ለማፍረስ አርሶ አደሩ ራሱ የሚያውቀው ማስረጃ አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከአጋሮቹ ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የተሰኘው የነጻ ስልክ መስመር ለአርሶ አደሩ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ሰብል ጥበቃ በድምፅ የሚመልስ ነው። ደዋዩ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ሰብሉን ይመርጣል፣ የሚፈልገውን ያዳምጣል። በጓዳው የግብርና ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ምክር ተቀምጧል።

አሁን አንድ አርሶ አደር ጎንበስ ብሎ ከሚሠራበት ማሳ ላይ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ እንደሚሰማ አስቡ። ዝርዝሩ አሥራ ሁለት ምርጫ ያለው ቢሆን አሥራ ሁለተኛው ሲነገር ሦስተኛውን ረስቷል። «ለሰብል ጥበቃ» ከማለት ይልቅ እርሱ በማያውቀው የመጽሐፍ ቃል ቢነገረው ስልኩን ይዘጋል። የተመራማሪው የዓመታት ድካም በጓዳ ተቆልፎ ይቀራል። ይህን መስመር ያበጀው ሰው አንድም ቀለም አልቀባም፣ አንድም ሥዕል አልሳለም፤ ድምፅ ብቻ ነው ያሰናዳው። ነገር ግን በትክክል የእልፍኝ ሥራ የሚባለው ይኸው ነው፤ ለማን እንደሚነገር አውቆ ማሰናዳት።

በአማርኛ መሥራትም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ፊደላት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ «ከሒሳብዎ ይህን ያህል ብር ለእገሌ ተልኳል፣ ቀሪ ሒሳብዎ ይህን ያህል ነው፣ የግብይት ቁጥሩም ይህ ነው» የሚለውን በ70 ፊደል ማስገባት ወይም ለሁለት መልእክት ዋጋ መክፈል ያስፈልጋል። ይህን ለመወሰን የእልፍኙ ሰው ቃል ያጥራል፤ የጓዳው ሰው ደግሞ የግብይት ቁጥሩን ሊያሳጥር ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። ብቻውን የሚፈታው የለም።

ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል መለያ፣ ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ችግር ቢቃለልም አልጠፋም። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ አውኚ በራሱ አጻጻፍ «አውጚ» ተብሎ ሲጻፍ በውስጡ ያለችው «ጚ» በብዙ አማርኛ ጽሑፍ የማትገኝ ፊደል ናት። ስልኩ የፊደሏን ቅርጽ ካልያዘ በቦታዋ ባዶ ሣጥን ይታያል። አንባቢዎች ሊይዙት የሚገባ አንድ የመለያ ዘዴ አለ። ባዶ ሣጥን ከታየ ፊደሉ በመዝገብ አለ፣ ያልታየው በእልፍኝ ነው፤ ተገቢው የፊደል ቅርጽ ሲጫን ይስተካከላል። በፊደሉ ቦታ «????» ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የደረሰው በጓዳ ነው፤ ጽሑፉ ሲቀመጥ ፊደሉ ጠፍቷል፣ የቱንም ስልክ ቢለውጡ አይመለስም። ስሙ በጥያቄ ምልክት ተመዝግቦ የሚያገኘው ሰው የሚወቅሰው ግን በመስኮቱ የተቀመጠውን ነው።

ስም ካነሣን፣ «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» በሦስት ፊደል የተጻፈ አንድ ስም ነው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»ም እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በክሊኒክ ካርዱን የሚያስፈልግ ሕመምተኛ «ስምህ የለም» ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ ደስ የሚል ክፍፍል ይቻላል። ጓዳው ሲፈልግ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ ይፈልግ፤ እልፍኙ ሲያሳይ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ያሳይ። ሰው በስሙ አጻጻፍ ላይ መብት አለውና።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚበዛው በዘመን አቆጣጠር ነው። የጓዳ ባለሙያዎች እንደ ልማድ ቀንን የሚያስቀምጡት በአንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠርና ሰዓት ነው፤ በዚያ መሠረት ማነጻጸርና መደመር ይቀላል። ተጠቃሚው ግን ብድሩን የሚመልሰው «ሰኔ 30» ነው። ሰኔ 30 በፈረንጆቹ ሐምሌ ወር 7ኛው ቀን ነው፤ «07/07» ብሎ የሚመጣ መልእክት ለብዙ አንባቢ የተዘጋ በር ነው። መለወጥ ግድ ከሆነ ማን ይለውጥ? ማንም ካልለወጠው ሰው ቀኑን ያጣል። ሁለቱም ከለወጡት ደግሞ የዛሬ ዕዳ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄድና ተበዳሪው ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይታያል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነትም አለ፤ እኛ «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት» የምንለውን ስልኩ «01:00» ይለዋል፣ ቀኑንም አስቀድሞ ቀይሮታል። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የያዘ የልደት ቅጽ ደግሞ ጳጉሜን ላይ የተወለደን ሰው ያላንዳች ኀፍረት «ቀኑ ስሕተት ነው» ይለዋል። በኔ እይታ ለውጡን እልፍኙ ቢያደርገው ይሻላል፣ ሰውን የሚያየው እርሱ ነውና። ጓዳው በአንዱ አቆጣጠር ጸንቶ ይቁም። ዋናው ግን የትኛውም ቢሆን በቅጹ ላይ ተጽፎ መቀመጡ ነው።

የተጻፈ ስምምነት ሲጎድልና መከባበር ሲጠፋ የሚደርሰው በትልልቆቹ አገሮችም ደርሷል። የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ የጤና መድን የሚገዙበትን «ሄልዝኬር ዶት ገቭ» የተባለ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ከፈተ። ሕዝቡ የሚያነባቸውን የመረጃ ገጾች የሠራው አንድ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራው ቀደም ብሎ አድናቆት አግኝቶ ነበር። የምዝገባው ጓዳ በሌሎች ትልልቅ ተቋራጮች እጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻ የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር በምክር ቤት ፊት የቀረቡት ተቋራጮች አንዱ ወደ ሌላው አመለከቱ፤ ሁሉም «የኔ ድርሻ ደኅና ነበር» አሉ። አሠራሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ላይ የተፈተሸው መክፈቻው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ብቻ መሆኑም በዚያው ተነገረ።

ለማዳን ከመጡት ባለሙያዎች አንዱ ከጎግል የመጣው ሚኪ ዲከርሰን ነበር። ለዕለታዊው ስብሰባ ያወጣቸው ደንቦች የሚገርሙ ናቸው፣ ስለ ኮምፒውተር አንዳች አይሉምና። ስብሰባው ችግር ለመፍታት ነው፣ መወቃቀስ ለሚፈልግ ሌላ ቦታ ሞልቷል አለ። የሚናገረውም ከፍተኛ ሹመት ያለው ሳይሆን ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ሰው ይሁን አለ። በሁለት ወር ውስጥ ድረ ገጹ ለአብዛኛው ተጠቃሚ መሥራት ጀመረ፤ እስከ ቀጣዩ ሚያዝያም በመላ አገሪቱ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። የእኛ የሽምግልና ወግም «በመጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ፣ ማን ለኮሰው የሚለው ይደርሳል» የሚል ነው፤ እነርሱ በብዙ ገንዘብ ተማሩት።

ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ ይህን አስቀድሞ ያየ ይመስላል። ሰዎች የሚሠሩት ሥርዓት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን መንገድ መስሎ ይወጣል ይላል። ሁለት የማይነጋገሩ ክፍሎች የሠሩት ነገር በመካከሉ ስንጥቅ ይኖረዋል፤ የደንበኛውም እግር የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው።

ጉዳዩ ከጥሊሊ ሩቅ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ስልክና ኢንተርኔት ያለው ወጣት ሁሉ ባለበት ሆኖ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትና የመረጃ ሳይንስ በነጻ መማር ይችላል። ወላጆችም «ልጄ ኮዲንግ ጀመረ» ማለት ለምደዋል። አብዛኛው ጀማሪ ወደ እልፍኙ ሥራ ቢያደላ አይፈረድበትም፤ ዛሬ የጻፈውን ዛሬ ያየዋል፣ ለጓደኛው ያሳያል። በጓዳ ሥራ አንድ ሳምንት ደክሞ የሚታይ ነገር የለም፤ እናት መጥታ ብትጠይቅ እንኳ የሚያሳያት በጥቁር ገጽ ላይ የተደረደረ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለቱንም ችሎ የሚሠራ «ፉል ስታክ» የሚባልም አለ፤ ለአነስተኛ ሥራ ይመቻል። ገንዘብና ጤና በሚነካ ሥራ ላይ ግን አንድ ሰው የራሱን ስሕተት ራሱ ማየት ስለሚያዳግተው ሁለት ዓይን ቢኖር ይመረጣል። ይህ ጸሐፊ ለጀማሪዎች የሚመክረው የፈለጉትን ወገን መርጠው፣ በሌላኛው ወገን ግን ቢያንስ አንድ ወር ሠርተው እንዲያዩት ነው። በመስኮቱ ተቀምጦ የሰውን ቁጣ ያልሰማ ንብረት ያዥ፣ መዝገብ አስታርቆ ያላደረ የመስኮት ሠራተኛ፣ አንዱ የሌላውን ድካም አያውቀውም።

የሚከፍለውም ወገን ኃላፊነት አለበት። አንድ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ነጋዴ የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲያሠራ የሚታየው ማሳያ ብዙውን ጊዜ እልፍኙ ብቻ ነው፤ ገጹ ያምራል፣ ጭብጨባ ይከተላል፣ ውል ይፈረማል። ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። መዝገቡ የሚቀመጠው የት ነው? ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ቅጂው በማን እጅ ይገኛል? ኔትዎርክ በመካከል ቢቋረጥ የተጀመረው ሥራ ምን ይሆናል? ሠሪው ነገ ሥራ ቢለውጥ መዝገቡን መክፈት የሚችል ሌላ ሰው አለ? መልስ ያለው ሠሪ በጥያቄው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም፤ ጓዳውን ያየለት ሰው አግኝቷልና።

አንድ ነገር ለተጠቃሚው። ገንዘብ ሲልኩ ኔትዎርክ ቢቆራረጥና ገጹ ዝም ቢል፣ የብዙዎቻችን እጅ ወዲያው ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ጥሩ የእልፍኝ ባለሙያ ቁልፉ ሁለት ጊዜ እንዳይጫን ያደርጋል። ጥሩ የጓዳ ባለሙያም ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይፈጽምም። ነገር ግን ከዝርዝሩ ወጥተው እንደገና ከመጀመሪያው የላኩ እንደሆነ ለጓዳው አዲስ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከመድገም በፊት ቀሪ ሒሳብን ማየት፣ የግብይት ቁጥር ከመጣም አለመሰረዝ ይበጃል። አቤቱታ ሲቀርብ ጓዳውን የሚከፍተው ያ ቁጥር ነው።

ድንች የሸጠው አርሶ አደርም የነጋዴውን ስልክ ማየት አያስፈልገውም። የራሱን ስልክ አውጥቶ፣ በራሱ ሚስጥር ቁጥር፣ ቀሪ ሒሳቡን ይጠይቅ። የሚመጣለት መልስ ከነጋዴው እልፍኝ የወጣ ሳይሆን ከመዝገቡ የተላከ ነው። ገንዘቡ ገብቶ ከሆነ «ደርሷል፣ በሰላም ግቡ» ይላል። ካልገባም ማንንም ሌባ ሳይል «ከእኔ ዘንድ ገና አልደረሰም፣ ትንሽ እንጠብቅ» ማለት ይችላል። ረዳቱ ቢቸኩልም መኪናው ይህን ያህል ይጠብቃል።